ፔዳል ይከልከል ለሚሉ ጓደኞቻችን

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። ወሬውም ከእንግዲህ ወዲህ በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ ቦክስ ጊታር ይዞ ወደ መድረክ የሚወጣ ሰው ከእግሩ ሥር ምንም ዓይነት ፔዳል እንዳያኖር የሚከለክል ደንብ ሊወጣ ነው የሚል ነው። ሊድ ጊታር የሚመቱት እንደ ልባቸው ይሁኑ፤ ቦክስ ጊታር ግን ቦክስ ጊታር ሆኖ ይቅር ተብሏል። ደንቡ ገና አልጸደቀም። ከጸደቀ በኋላ የሚጻፍ ጽሑፍ ለቅሶ እንጂ ምክር ስለማይሆን ሳይረፍድ ይህን አስተያየት ለአንባቢ አቀረብሁ።

አስቀድሜ የተቃዋሚዎቼን ሐሳብ ሳላጣምም ልግለጽ። አንደኛ፣ ቦክስ ጊታር የእንጨትና የክር ድምፅ ነው፤ በኤሌክትሪክ የተለወጠ ድምፅ የፋብሪካው እንጂ የተጫዋቹ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጣቱ ያልሠለጠነ ሰው ከፔዳሉ ጀርባ ይደበቃል ይላሉ። ሦስተኛ፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ግጥሙ ይጠፋል ይላሉ። ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ እውነትነት አላቸው፤ በቦታው እመለስባቸዋለሁ። የመጀመሪያው ግን ስሕተት ነው፤ የሚያሳዝነውም ደንቡ የቆመው በዚሁ በመጀመሪያው ላይ መሆኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ስለ ፔዳል ጥቂት ቃል ልናገር። ፔዳል በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 9 ቮልት ይበቃዋል። ከጊታሩ በሽቦ የሚመጣው ድምፅ በአንድ ወገን ይገባል፣ በሌላው ወገን ይወጣል፤ በመካከሉ እንደ ሣጥኑ ዓይነት አንድ ነገር ይደረግበታል። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አለ፤ ይህ ኢኳላይዘር ነው። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱ የሚያስመስል አለ፤ ሪቨርብ ይባላል። የተመታውን ድምፅ ጥቂት አቆይቶ የሚደግም አለ፤ ዲሌይ ይባላል። ድምፁን የሚያሻክር ዲስቶርሽን አለ። የተጫወቱትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ ሉፐርም አለ። በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የእነዚህ ሥራ ለየቅል ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል መከልከል፣ አንዱ መድኃኒት የሚያሰክር ሆኖ ስለ ተገኘ መድኃኒት ቤቱን እንደ መዝጋት ይቈጠራል።

አሁን ወደ ጊታሩ እንመለስ። በመኝታ ክፍላችን አልጋ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ክሩ ተነክቶ ድልድዩን ያንቀጠቅጣል፤ ድልድዩ የፊቱን ሳንቃ፣ ሳንቃው ደግሞ በሆዱ ውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጣል። ጆሮአችን ደስ የሚለው የሳንቃውና የአየሩ ድምፅ ነው፤ ክሩ ብቻውን ቢሆን እምብዛም አይሰማም ነበር። በብዙ መቶ ሰው ፊት ግን ይህ አይበቃም። ስለዚህ በብዙዎቹ ጊታሮች ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት ሥር ፒየዞ የሚባል ቀጭን ነገር ይገባል። ፒየዞ ግፊት ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነው። የሚሰማውም ያንኑ ግፊት ነው፤ የሆዱን አየር አይሰማም፤ የሳንቃውንም ሙሉ ድምፅ አይሰማም። በዚህ ላይ ከእርሱ የሚወጣው ምልክት ደካማና ተቀባይ የሚመርጥ ስለ ሆነ፣ በማይስማማው መሰኪያ ቢሰኩት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ፕላስቲክ ሲነካካ የሚመስል የሾለ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። «ምንም ያልተነካ የቦክስ ጊታር ድምፅ» እየተባለ የሚመሰገነው፣ ሽቦ ተሰክቶበት በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደው ድምፅ፣ ከእንጨቱ ከሁሉ ይልቅ የራቀው ነው። ከፊቱ የሚቀመጠው ማስተካከያ ሣጥን ነው ጥቂትም ቢሆን ወደ እንጨቱ የሚመልሰው። እንጨቱን እንወዳለን የሚሉ ሰዎች የእንጨቱን ረዳት ማባረራቸው ይገርመኛል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በዕፍረት ነው። ባለፈው ዓመት ተመራቂ ጓደኞቻችንን በምንሸኝበት ምሽት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብሮኝ በአንድ ክፍል ለኖረ ልጅ አንድ ዜማ አዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ስለ ነበር ያንን ዜማ የሚሰማው ያንን ምሽት ብቻ ነበር። ጊታሬ ርካሽ ነው፤ ፒየዞ ብቻ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። በቀጥታ ሰካሁት። የመጀመሪያውን ቤት ሳልጨርስ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ እንደ ላም የሚያገሣ ነገር ተነሣ። ክሮቹን በመዳፌ አፈንሁ፤ ዝም አለ። እንደ ገና ጀመርሁ፤ እንደ ገና አገሣ። በሦስተኛው ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ብሆን እስቅ ነበር። ነገር ግን ጊታሩን ይዤ ወረድሁ፤ ዜማው ሳይሰማ ቀረ፤ ልጁም ሄደ።

በማግሥቱ አንድ የምሕንድስና ተማሪ መጥቶ ምክንያቱን አስረዳኝ። ማጉያው የሚያወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ሳንቃ ያንቀጠቅጣል፤ ሳንቃው ፒየዞውን ይቀሰቅሳል፤ ፒየዞው ለማጉያው ይሰጣል፤ ማጉያው አብልጦ ይመልሳል፤ እንዲህ እየተዟዟረ ያድጋል። የጊታር ሆድ ደግሞ አብልጦ የሚመልሰው የራሱ ድምፅ አለው፤ በተለመደው መጠን ጊታር ይህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል በሚንቀጠቀጥ ዝቅተኛ ድምፅ አካባቢ ይገኛል። ያገሣው እርሱ ነበር። ልጁ ያንኑ አንድ ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚቀንስ ቍልፍ ያለው፣ ለፒየዞ የሚስማማ መሰኪያ ያለው ሣጥን አዋሰኝ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ጊታር ሞከርነው፤ አላገሣም። ለካ መድኃኒቱ በእግር የሚረገጥ ሣጥን ኖሯል! የአሁኑ ደንብ ቢጸድቅ የሚከለክለው ይህንን ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ልጨምር። ዋጋቸው ከፍ ያለ ጊታሮች ይኸው ማስተካከያ ከጎናቸው ተቀብሮ ይመጣል። ወፍራሙንና ቀጭኑን የሚያስተካክለው፣ የሚያገሣውን ድምፅ የሚቀንሰው፣ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ላይ ሪቨርቡ ጭምር በእንጨቱ ውስጥ አለ። ደንቡ ግን ስለ «ፔዳል» እንጂ ስለዚያ አይናገርም። ስለዚህ ቤተሰቡ ውድ ጊታር የገዛለት ተማሪ ሣጥኑን በጊታሩ ሆድ ውስጥ ይዞ «ንጹሕ» ተብሎ ይወጣል፤ ርካሽ ጊታር ያለው ደግሞ ያንኑ ሣጥን ከወለሉ ላይ ስላኖረ ባህል አጥፊ ይባላል። ጓደኞቼ ይህን አስበው አደረጉት አልልም። ያላሰቡት ደንብ ግን ካሰቡት ባላነሰ ይጐዳል።

በውጭ አገርም ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በሐምሌ ወር ቦብ ዲላን በኒውፖርት የሕዝብ ዜማ በዓል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ ከሕዝቡ ከፊሉ ጮኸበት። የጮኹት በኤሌክትሪኩ ተቈጥተው ነው የሚሉ አሉ፤ ድምፁ ተበላሽቶ ቃሉ ስላልተሰማ ነው የሚሉም አሉ፤ ሙግቱ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አንድ አይደሉም፤ የእኛም ደንብ አርቃቂዎች የሳቱት ይህንን ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 ደግሞ ኒርቫና የተባለው ጓድ በኒው ዮርክ «ከኤሌክትሪክ የተነቀለ» በተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተጫወተ። ኩርት ኮቤን የያዘው የ1959 ማርቲን ጊታር ፒክአፕ ተገጥሞለት ነበር፤ በፔዳሎችም በኩል አልፎ ወደ አምፕሊፋየር ይሄድ ነበር፤ የዴቪድ ቦዊን «ዓለምን የሸጠው ሰው» ሲጫወት የሻከረው የጊታር ድምፅ በግልጽ ይሰማል። አድማጮች ግን ከዚያ ምሽት የበለጠ እርቃኑን የቀረበ ዘፈን አልሰማንም ይላሉ። ያው ጊታር እ.ኤ.አ. በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ስለ ንጽሕና የሚሟገቱ ሰዎች ይህን ያህል የሚያደንቁት ምሽት በፔዳል የተሠራ መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ማርቲንም ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦክስ ጊታሩን በቴፕ በሚሠራ የማስተጋቢያ መሣሪያ ውስጥ እያሳለፈ ይጫወት ነበር። እርሱ አንዱን ምት ሲሰጥ መሣሪያው ሌላውን ይመልሳል፤ ጣቱና ማስተጋባቱ እየተቀባበሉ አንድ ምት ይሠራሉ። ጣቱ ጥቂት ቢሳሳት ሁሉም ይፈርሳል። እንዲህ ያለው ሰው ከፔዳሉ ጀርባ ተደብቋል ማለት አይቻልም።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛ የራሳችን ወግ አለን» የሚለኝ ቢኖር፣ ወደ በገና ሂድ እለዋለሁ። በገና ዐሥር አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ቆዳ ባይኖር አውታሩ ደካማና ደረቅ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ልባችንን የሚነካው፣ በዐቢይ ጾም የምናውቀው ያ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚመጣው ከቆዳው ነው። ደርዳሪውም ከመጀመሩ በፊት ድምፁ እስኪወጣለት ድረስ ቆዳውን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ ያስተካክላል። አባቶቻችን የአውታሩን ድምፅ ራሱን አልበቃ ብሏቸው የሚለውጥ ነገር አበጁ፤ ማንም በገናው ረከሰ አላላቸውም። በቅርቡም ዘመን ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተቀረጹ ሸክላዎች ላይ የዋዋ ፔዳል ድምፅ ይሰማል፤ እነዚያን ሸክላዎች ዛሬ የአገራችን ቅርስ እንላቸዋለን። ክራርም ፒክአፕ ተገጥሞለት በባንድ ውስጥ ይመታል። ስለዚህ ድምፅን በመሣሪያ መለወጥ የባዕድ በሽታ ነው የሚለው አነጋገር በእኛው ቤት ውስጥ ይፈርሳል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ለራሴ ወገን ነው። አሁን በራሴ ላይ ልናገር፤ ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ እውነት አላቸው ብዬ ነበርና።

የተዋስሁትን ሣጥን ከመለስሁ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ አንድ ዲሌይ ገዛሁ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ መጀመሪያ ላይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንድ ክር ስነካ አራት ይመልስልኛል። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። የግራ እጄ ትንሽ ጣት ሰነፍ ናት፤ በፍጥነት ስሄድ ክሩን በደንብ አትጫንም። ዲሌዩ ሲከፈት ይህ አይታወቅም፤ የተሳሳተው ከተደጋገመው ጋር ይቀላቀላል። ለሁለት ወር ያህል ጣቴን ማሠልጠን ተውሁ። አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ያለ ሽቦ ተጫወትሁ፤ እኔ ራሴ አፈርሁ። እንግዲህ ይደበቃሉ የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ከሚደበቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ነገር ግን መድረክ ላይ ፔዳል መከልከሉ ይህን አይፈውሰውም። የሚፈውሰው በየዕለቱ ያለ ሽቦ መለማመድ ነው፤ ይህ ደግሞ የመኝታ ክፍል ጉዳይ ነው።

የግጥሙም ነገር እንዲሁ ነው። በዚሁ ዲሌይ አንድ ምሽት ተጫውቼ ስወርድ፣ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች የክፍሌ ልጅ «ዜማው ያምራል፤ ስለ ምን ነበር የዘፈንኸው?» አለችኝ። ስለ ምን እንደ ሆነ ከነገርኋት በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። የአዳራሹ የኋላ ግድግዳ ከመድረኩ 17 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልሱ 34 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ ራሱ እያንዳንዱን ድምፅ የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል አዘግይቶ ይመልሰዋል። ባዶ ግድግዳ ያለው አዳራሽ በተፈጥሮው ዲሌይና ሪቨርብ ነው። እኔ በላዩ ላይ ሌላ ስጨምርበት ቃሉ በቃሉ ላይ እየወደቀ ይደፈጠጣል። በአልጋዬ ላይ ሆኜ በጆሮ ማዳመጫ ያማረኝ መጠን ለአዳራሹ እጥፍ ሆነበት። የአማርኛ ግጥም ደግሞ በሰምና በወርቅ የተሠራ ከሆነ፣ አንዲት ፊደል ስትጠብቅና ስትላላ ትርጕሙ ይለወጣል፤ የጠበቀውና የላላው ካልተለየ ወርቁ ከሰሙ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ግጥሙ ይጠፋል የሚሉት ጓደኞቻችን የሚናገሩት ስለ ቁም ነገር ነው።

የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ተቃዋሚዎቼም አላነሡትም። እርሱም የሉፐር ጉዳይ ነው። ስኮትላንዳዊቷ ኬቲ ተንስታል እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ብቻዋን ቆማ፣ የጊታሩን ሳንቃ በእጇ እየመታች ምቱን ቀዳች፤ በላዩ ድምፅዋን ጨመረች፤ አንዲት ሴት እንደ ሙሉ ባንድ ተሰማች። ኤድ ሺራንም በትንሽ ቦክስ ጊታርና በሉፐር ስታዲዮም ሙሉ ሰው ፊት ብቻውን ቆሟል። ይህን አይቼ እኔም ከጓደኛዬ አንድ ተዋስሁ። እስከዚያ ድረስ ከአንድ የጂኦግራፊ ተማሪ ጋር ነበር የምጫወተው፤ እርሱ ከበሮ ይመታልኛል፣ ይቀበለኛል። በሚቀጥለው ልምምድ እንደ ወትሮው ከበሮውን ይዞ መጣ። እኔ ግን ምቱን በጊታሩ ሳንቃ ላይ ቀድቼ፣ መቀበያውንም በራሴ ድምፅ ቀድቼ ጠበቅሁት። እስከ መጨረሻው ሰማና «ጥሩ ነው። ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከበሮውን ይዞ ሄደ። ማሽኑ ምት አይስትም፣ አይዘገይም፣ ለፈተና ብሎ አይቀርም፤ ነገር ግን በዘፈኑ መካከል ዓይን ዓይኔን አይቶ «አሁን ቀስ በል» አይለኝም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ምን ይሁን የምል እንደ ሆነ፣ ሐሳቤ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ደንቡ ይቅር። ሰምቶ የሚፈርደውን ትቶ አይቶ የሚፈርድ ደንብ ነው፤ ከወለል ላይ የታየውን ይቀጣል፣ በሆድ ውስጥ የተደበቀውን ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ከማይክራፎኖቹ ጋር በአንድነት የሚቀመጥ፣ ለፒየዞ የሚስማማ መሰኪያና የሚያገሣውን ድምፅ የሚቀንስ ቍልፍ ያለው አንድ ማስተካከያ ሣጥን ለማኅበሩ ይገዛ። ርካሽ ጊታር ያለው ሁሉ በተራው ይገልገልበት። እኔን የደረሰብኝ ሌላ ተማሪ እንዳይደርስበት ይህ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ደንብ የግድ ያስፈልጋል ከተባለ ስለ አድማጩ ይሁን። ከምሽቱ በፊት በሚደረገው ሙከራ ዘፈኑን የማያውቅ አንድ ሰው በመጨረሻው ረድፍ ይቀመጥ። ተጫዋቹ አንድ ቤት ይዝፈን፤ ያ ሰው የሰማውን ቃል ይድገም። ከደገመው በእግር ሥር ዐሥር ሣጥን ቢኖርም ምን ቸገረን? ካልደገመው ግን ሣጥን ባይኖርም ይስተካከል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ስለሚቀንስ፣ በባዶው የተሰማ ቃል በሞላውም ሳይሰማ አይቀርም።

ስለ ሉፐር ደንብ አላቀርብም፤ ይህ በደንብ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብቻውን የሚጫወት ተማሪ ይጠቀምበት፤ ጓደኛ ያለው ግን አስቀድሞ ጓደኛውን ያስብ። በበኩሌ የተዋስሁትን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ባለፈው ዓርብ ወደ ጂኦግራፊው ተማሪ ክፍል ሄጄ ለሚቀጥለው ምሽት ከበሮውን ይዞ እንዲመጣ ለመንሁት። «እስቲ ፈተናው ይለፍ» ብሎኛል። እስከዚያው ሰነፏን ጣቴን ያለ ሽቦ እያሠለጠንሁ እጠብቀዋለሁ።